የመለስኳቸው መርከቦች

ሐሙስ ጠዋት ሉልሰገድ በመለሰልኝ ፍላሽ ውስጥ የእኛ ጨዋታ አልነበረም።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ፍላሹን ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የምከፍተው፣ የሁለታችን ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት ፋይል ጠፍቷል። በምትኩ አንድ የማላውቀው የጠፈር ጌም ተቀምጧል፤ ከሥሩ ደግሞ አጭር ጽሑፍ አለ። «ይሄኛው ይሻልሻል። ለብቻ የሚጫወቱት ነው። ማንንም መጠበቅ የለብሽም» ይላል።

ለብቻ የሚጫወቱት! ለመሆኑ እኔ ብቸኝነት አንሶኝ ነው?

ስሜ ዊንታ ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የምውለው ፒያሳ፣ በአባቴ በአቶ ፍስሃ ወርቅ ቤት፣ ከመስታወቱ ባንኮኒ ጀርባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የመጣሁ ሰሞን አባቴ «ለጊዜው እዚህ ሁኚ» ብሎ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ሞላው። ሱቁ ሁለት በር አለው፤ አንዱ የብረት ፍርግርግ፣ አንዱ መስታወት። ሁለቱም የሚከፈቱት አባቴ ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን ቁልፍ ሲጫን ነው። ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ ሌባ ገብቶ አያውቅም፣ እኔም ወጥቼ አላውቅም። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ አዲስ መንገድ ሲወጣለት እንኳ የእኛ ሱቅ ተረፈች። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሲለን እኔም አብሬ አሜን አልኩ። በልቤ ግን ትፈርስ ይሆናል ብዬ በተስፋ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አድሬ ነበር።

በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ጊዮርጊስን ተሳልሜ እስክመለስ ሃያ ደቂቃ አለኝ። አባቴ ሰዓት አያይም፤ ማየትም አያስፈልገውም። በሃያ አንደኛው ደቂቃ ሻዩን ማማሰል ያቆማል። ባንኮኒ ላይ ስልክ ክልክል ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም፤ አባቴ ኢንተርኔትን በሽቦ የሚገባ ሌባ ነው ብሎ ያምናል።

ሉልሰገድን ያገኘሁት በዚያችው ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው።

* * *

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ፣ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ልብስ ሰፊ መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። ላፕቶፕ ይጠግናል፣ ፊልምና ጌም በፍላሽ ይጭናል። ሌላ ቤት ስትሄዱ ዝርዝር ይሰጧችሁና «ምረጡ» ይሏችኋል። ሉልሰገድ ግን ሳይጠይቅ አይጭንም። መጀመሪያ ያገኘሁት ሚያዝያ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ እንቅልፍ እየጣለኝ ተቸግሬ ነው የሄድኩት።

«ምን ዓይነት ጌም ነው የፈለግሽው?» አለኝ።

«የጠፈር።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ ወንበር በጣም የራቀ ቦታ የቱ ነው ብዬ ሳስብ ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው።

«የጠፈርም እኮ ብዙ ነው። ተኩስ ነው ስትራቴጂ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አንደኛው ጣት ይፈልጋል፣ አንደኛው ጭንቅላት።»

«ጣቴ የሰው ቀለበት ሲለካ ነው የሚውለው። ጭንቅላቴ ነው ሥራ የፈታው» አልኩት።

ሳቀና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የሚስቅ ሰው ዓይን ብዙ አይቻለሁ፤ ወርቅ ሊገዛ የሚመጣ ሁሉ ይስቃል። ይሄ ግን ዋጋ ሊያስቀንስ የሚስቅ ሰው ዓይን አልነበረም።

ሦስት ጌም አወጣልኝ። የመጀመሪያውን ከፈተና ራሱ ቶሎ ዘጋው። «ይሄ አይቆምም። ደንበኛ ስታስተናግጂ ጠላት መጥቶ ፕላኔትሽን ይወስደዋል።»

«የኔ ደንበኛ አንድ የጆሮ ጌጥ ለመምረጥ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።»

«እንግዲያ ቀረ። ሁለተኛው እንደ ምስል ከሆነ ልብ ይሰርቃል። ኮምፒውተርሽ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አብሮ አደጌ ነው።»

«ይሄም ቀረ።» ሦስተኛውን ሲከፍት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚያፍርበት ዘመድ የሚያስተዋውቅ ነው የመሰለው። «ይሄ አያምርም፤ አስቀድሜ ልንገርሽ። ኮከቡ ነጠብጣብ ነው፣ መርከቡ ሦስት ማዕዘን ነው። ግን ተራ በተራ ነው። ተራሽን ትጫወቺና ትዘጊዋለሽ። ቀንም ይሁን ወር ይጠብቅሻል፤ አንቺ ሳትነኪው ምንም አይሆንም።»

«ከማን ጋር ነው የምጫወተው?»

«ከኮምፒውተሩ። ወይ ደግሞ...» ጆሮውን አከከ። «ወይ ከሰው። ፋይሉን በፍላሽ ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ተራውን ተጫውቶ ይመልስልሻል።»

«ጌም የሚጫወት ሰው አላውቅም።»

«እኔ አለሁ» አለና ወዲያው ደንግጦ፣ «ያው... ከአገልግሎቱ ጋር ነው» ብሎ ጨመረበት።

ከሦስቱ አስቀያሚውን መረጥኩ። ሴት ልጅ አስቀያሚውን ስትመርጥ ምክንያት ይኖራታል። ያን ቀን ሱቅ ስመለስ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነበርኩ፤ ልቤ ግን የት እንደቀረ አውቄዋለሁ።

* * *

ስልክ ቁጥሩ ነበረኝ። ማታ ማታ «ተራሽ ነው»፣ «ተራህ ነው» እንባባላለን፤ ከዚያ የዘለለ አንዲት ቃል ጽፈን አናውቅም። በስልክ ሁለታችንም ጨዋዎች ነን። ድፍረታችን ሁሉ ጠፈር ላይ ነው የቀረው።

ጌሙ ለፕላኔትና ለመርከብ ስም ማውጣት ይፈቅዳል። ሉልሰገድ ዋና ፕላኔቱን «አትክልት ተራ» አላት። ለምን ብለው፣ እናቱ እትዬ የሺዓለም እዚያ ሽንኩርት እንደምትነግድ፣ እሱ ዘጠነኛ ክፍል እያለ አባቱ እንደሞተበት ነገረኝ። አንድ የሐምሌ ጠዋት ዝናቡ አላስወጣ ብሎኝ ጊዮርጊስ ሳልሄድ ቀረሁ። በማግስቱ ፍላሹን ስከፍት ወደ እኔ የምትመጣ አንዲት ትንሽ መርከብ አየሁ፤ «ጃንጥላ» ብሏታል። ቀኑን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል ዋልኩ። አንድ ደንበኛ በእሷ የሳቅሁ መስሏት ተቆጥታ ወጣች።

እኔ ደግሞ ከሁሉም የምታንሰውን ጨረቃ «ሃያ ደቂቃ» አልኳት። ምንም ጥቅም የላትም፤ ማዕድን የላት፣ አፈር የላት። እሱ ሦስት ተራ ሙሉ አጥፍቶ እዚያች ጨረቃ ላይ ቤት ሠራባት። ጌም የሚያውቅ ሰው ይሄን ቢያይ አብዷል ይለዋል። እኔ ግን ያቺን ጨረቃ እያየሁ እንባዬ መጣ፤ አባቴ እንዳያይ የጆሮ ጌጥ የጠፋኝ መስዬ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ የጥቅምቱ ጠዋት መጣ። ፋይሉን ስከፍት ሦስት መርከቦች ዋና ፕላኔቴ ደጅ ቆመዋል። አንዲት መሣሪያ የላቸውም። ስማቸው «ሽማግሌ አንድ»፣ «ሽማግሌ ሁለት»፣ «ሽማግሌ ሦስት» ነው። ጌሙ ጥያቄውን መሀል ላይ አወጣው፤ ሁለቱ አገሮች አንድ ይሁኑ ወይ? ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፤ እሺ እና እምቢ።

«ምነው ፊትሽ ቀላ?» አለ አባቴ ከማዶ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩት። በጥቅምት ብርድ!

አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ እንዳትስቁብኝ። እምቢ አልኩ።

በእኛ ቤት ያደገች ልጅ ሌላ ልትል አትችልም። ጸሎት የምትባለው ታላቅ እህቴ ለጋብቻ ስትጠየቅ ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ነው እሺ የተባሉት። በመጀመሪያው ቀን አባቴ ቁጭ በሉ እንኳን ሳይላቸው «አስበን እንነግራችኋለን» ብሎ ነው የሸኛቸው፤ ልጁን ግን ከድሮም ይወደው ነበር። እናቴ አክበረት ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ጆሮዬን ይዛ ነው የመከረችኝ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የተባለባት ልጅ ቤቷ የሰለቻት ናት። የሚፈልግሽ ሰው ይመለሳል።» ይሄን ሰምቼ ያደግሁ ልጅ ክብሬን ጠበቅሁ። እምቢን ተጫንኩና፣ ሁለተኛውን ቀን ከአሁን አሁን እያልኩ ልቤ እየዘለለ መጠበቅ ጀመርኩ።

አልተመለሱም። በማግስቱ አንደኛው ሽማግሌ ሄደ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሉልሰገድ ተራውን ዝም ብሎ ይጫወታል፤ ለመርከቦቹ ስም አያወጣም። ሱቁ ስሄድም ፍላሹን ተቀብሎኝ «እሺ» ብቻ ይላል። ለካ ሲቀልድብኝ ነው አልኩ። ለእሱ ጌም ጌም ነው፣ እኔ ነኝ ሞኟ አልኩ። ሴት ልጅ ራሷን እንደዚያ ስትሰድብ መስማት ደግ አይደለም፤ እኔ ግን በየቀኑ ሰማሁት።

በዚያው ሰሞን ቤታችን እውነተኛ ሽማግሌዎች መጡ። የላኳቸው አቶ ገብረትንሣኤ ናቸው፤ የአባቴ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ እንደ እሱ ወርቅ ሠሪ። የተጠየቅሁት ለልጃቸው ለቴዎድሮስ ነው። ቴዎድሮስ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! አባቴ እንደ ወጉ «አስበን እንነግራችኋለን» አላቸውና ቀጠሮ ሰጣቸው። ቀጠሮው የፊታችን እሁድ ነው። እሁድ አባቴ እሺ ካለ አለቀ፤ እሱ ቃሉን ከወርቁ በላይ ነው የሚጠብቀው።

እንግዲህ ሐሙስ ያ ፍላሽ የመጣልኝ በዚህ መሀል ነው።

* * *

አርብ ጊዮርጊስን በሩቁ ተሳለምኩት፤ እሱ ይቅር ይበለኝ። በቀጥታ ወደ ሉልሰገድ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ላፕቶፕ ዘርግፎ መበየጃውን ይዟል። ቀና አላለም።

«ይሄን ጌም አልፈልገውም» ብዬ ፍላሹን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ምን ጎደለው?»

«ሰው።»

መበየጃው እጁ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። «ሌላ ልምረጥልሽ። የሚያቻኩል አለ፣ የማያቻኩል አለ...»

«የእኛን መልስልኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

ያለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ሳላስፈቅድ ተቀመጥኩ። «ሰባት ወር ሙሉ የተጫወትነውን? አጠፋኸው?»

«አንቺ በአንድ ጊዜ ነው ያጠፋሽው። እኔ ለማጥፋት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

ያኔ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «እምቢ ስትዪ ጌሙ ለጠያቂው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። እኔ ጋ የመጣው «መልስዎ ተልኳል» የሚል ብቻ ነው። እሱ በቃሉ አለልኝ። «‹ከእኛ ጋር ለመተካከል የበቃችሁ አይደላችሁም። ወደ መጣችሁበት ተመለሱ› ይላል።»

«ሉልሰገድ! እኔ አልጻፍኩትም!»

«አውቃለሁ። ማሽን ነው የጻፈው። ለደካማ አገር ሁሉ የሚጽፈው ይሄንኑ ነው፤ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ውሸት ነው እንዴ? አንቺ የአቶ ፍስሃ ልጅ ነሽ። እኔ የሽንኩርት ነጋዴዋ የየሺዓለም ልጅ ነኝ። ማሽኑ ፊቴን ሳያይ እውነቱን ነገረኝ። ሰው ቢሆን ይሉኝታ ይይዘው ነበር።»

ንዴት ይሁን ሐዘን አላውቅም፤ ጮህኩ። «ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እምቢ እንደሚባል አታውቅም? አገር የሚያውቀውን! ሁለተኛ ትልካለህ ብዬ ነው የጠበቅሁህ! ሦስት ሳምንት! በየጠዋቱ ደጄን እያየሁ!»

መበየጃውን አስቀመጠ። ከውጭ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል። ሉልሰገድ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ! ሦስተኛ! እህቴ በሦስተኛው ነው የተዳረችው!»

ሊስቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን ከንፈሩ ላይ ቀረ። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። እጁን ሲያነሳ ድምፁ ተለውጧል።

«የሚመለሰው እኮ ሽማግሌ ያለው ሰው ነው ዊንታ። እኔ ማንን ነው የምልከው? አባቴ የለም። እናቴ ከጎጃም ስትመጣ ብቻዋን ነው የመጣችው። እዚህ አገር አጎት የለኝም። የንስሐ አባቴ አልጋ ከያዙ ዓመት ሆናቸው። ያንቺን ቤት ደጅ የሚረግጥ አንድ ሰው ባገኝ ብዬ ስንቱን ቆጠርኩ መሰለሽ። ያሉኝ ሽማግሌዎች እነዚያ መርከቦች ነበሩ። እንዲህ ሲመለሱብኝ እኔ መሀል ሜዳ ላይ ቀረሁ።»

እኔ ክብሬን ስጠብቅ እሱ ያለችውን ሁሉ ነው የላከው። የእኛ ቤት ወግ ሰው ላለው ሰው የተሠራ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አስቤው አላውቅም።

«እሁድ አባቴ ለአቶ ገብረትንሣኤ ልጅ ቃል ሊሰጥ ነው» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ነይ እንጥፋ ልበልሽ?»

«በለኝ።»

«አልልሽም።» ራሱን ነቀነቀ። «አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ በሩን የቆለፈው ሌባ ፈርቶ ነው። እኔ ያ ሌባ አልሆንለትም።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና እሄዳለሁ። ሽማግሌ ቢኖርህ ትመለስ ነበር?»

«እስክሰለችሽ ድረስ» አለኝ።

ስወጣ ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ነበርኩ። ሱቅ ስደርስ አባቴ የቀዘቀዘ ሻዩን ገፋ አድርጎ በሩን ከፈተልኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን የዚያ በር መዘጋት ተሰምቶኝ አያውቅም።

* * *

ቅዳሜ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። «አባዬ» እላለሁ፤ «ወይ ጓለይ» ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ወይ ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ያለው ፍቅር አፌን መልሶ ይዘጋዋል። የሚጨቁን አባት ቢሆን እሰድበው ነበር። እሱ የሚቆልፈኝ ስለሚወደኝ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሙሽራ ቀለበት ልትመርጥ ከእጮኛዋ ጋር መጣች። ጣቷን ስለካ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳትኩ። ቀለበቱ ሲጠልቅላት እጮኛዋ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እሷን ብቻ ያያል፤ ወርቁን አላየውም። እኔ መስታወቱን እየወለወልኩ ዞር አልኩ፤ በሰው ደስታ መቅናት ምን ያህል እንደሚያዋርድ የዚያን ዕለት አየሁት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሠራተኛ ሰፈር ቤታችን ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ ነኝ። ልጅቱ ካልተጠራች አትወጣም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እናቴ የነጠላዬን ጥለት ታስተካክልልኛለች፣ ሳትጨርስ መልሳ ታበላሸዋለች። ከሳሎን የወንበር ድምፅ ተሰማ፤ ያን ቀን አባቴ ቁጭ በሉ አላቸው። ቁጭ በሉ ማለቱ እሺ ማለቱ ነው። ግድግዳው፣ የጓዳው መጋረጃ፣ የእናቴ እጅ፣ ሁሉም ወደ እኔ የቀረበ መሰለኝ።

«እንግዲህ ወዳጆቼ» አለ አባቴ፣ «ባለፈው እንዳልኳችሁ አስበንበት...»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አባዬ፣ ከመናገርህ በፊት።»

ሦስቱ ሽማግሌዎችና አባቴ ባንድ ጊዜ ዞሩብኝ። አባቴ «ግቢ» አለኝ በዝግታ። ቢጮህ እገባ ነበር፤ በዝግታ ሲለኝ ጊዜ አገኘሁ።

«ሌላ የጠየቀኝ ሰው አለ።»

«ማን?» አባቴ ተነስቶ ቆመ። «በዚህ በር ገብቶ ልጅህን ስጠኝ ያለኝ ማን ነው? ሽማግሌ የላከ ማን ነው?»

«ልኳል። እኔ ነኝ የመለስኳቸው።»

«አንቺ?»

«በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳይባል ስላስተማራችሁኝ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁት። እሱ ግን ሁለተኛ የሚልከው ሰው የለውም አባዬ። አባቱ ሞቷል። እናቱ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትነግዳለች። ሉልሰገድ ይባላል፣ ኮምፒውተር ይጠግናል። እንጥፋ ብዬው እምቢ ያለኝ እሱ ነው። አባትሽን አልሰርቀውም አለኝ።» ድምፄ እዚህ ላይ አልታዘዝ አለኝ። «ቴዎድሮስ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ለእሱ እሺ ካልክ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ስጠብቅ እኖራለሁ።»

እናቴ መጋረጃውን ይዛ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ከዘራቸውን አነሱና ቀስ ብለው ተነሱ። «ፍስሃ፣ ልጅቱ ልቧ ያለበትን ተናገረች። እኛ ልብ ልናስቀይር አልመጣንም» አሉት። ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሏቸው። አባቴ እስከ ውጭ በር ሸኛቸው፤ ቢናደድም ሰው ሳይሸኝ አይመለስም።

ሲመለስ ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። አላየኝም።

«ዛሬ የሠላሳ ዓመት ወዳጄን አጣሁ። እንድታውቂው ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«አታውቂም» አለ። ልክ ነበረ፤ አላውቅም ነበር።

እናቴ ልትናገር ስትል በእጁ ከለከላት። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ «የሚልከው ሰው የለውም ነው ያልሽው?» አለኝ።

«የለውም።»

«እናቱ ግን አለች።»

«አለች።»

«እንግዲያ እናቱን ይዞ ራሱ ይምጣ። እዚህ ፊቴ ቆሞ ይጠይቀኝ።» ትንፋሹን ሳበ። «እምቢ እለዋለሁ።»

«አባዬ...»

«እምቢ እለዋለሁ አልኩሽ! በመጀመሪያው ቀን የምሰጣት ልጅ የለችኝም።» ተነስቶ ወደ መኝታ ቤቱ አመራና በሩ ላይ ጀርባውን እንደሰጠኝ ቆመ። ትከሻው ከጠዋቱ ይልቅ ጎብጦ ነበር። «ሰው ከሆነ ይመለሳል» አለና ገባ።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ደስታ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። አባቴ ማርጀቱን ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ እንደዚያች ደቂቃም ወድጄው አላውቅም።